ጀማሪው ለሁለተኛ ጊዜ እንዲመጣ፦ ከሪሞት መኪና ውድድር ኮሚቴ ያየሁት

በሪሞት የሚነዳ መኪና ውድድር ሲባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። "የልጆች መጫወቻ አይደል እንዴ?" ይባላል። ከሦስት ኪሎ በላይ የምትመዝን ባለ 1፡8 ባጊ (የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ የምታህል የኮረኮንች መኪና) ከጉብታ ላይ ተነስታ ከወገብ በላይ ስትበር ሲያዩ ግን ፈገግታው ይለወጣል። ሰውን ማስገረም አቅቶን አያውቅም። ያቃተን የተገረመውን ሰው ማቆየት ነው። መኪና ይገዛል፣ አንድ ቀን ይወዳደራል፣ ከዚያ ድራሹ ይጠፋል።

እኔ ተወዳዳሪ ሆኜ ጀመርኩ። ቀጥሎ የክለብ መዝጋቢ ሆንኩ። አሁን የብሔራዊ ማኅበሩ የደንብ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ከሦስቱም ወንበር ስታይ ስፖርቱን የሚያሳድጉት ውሳኔዎች ትንንሽና አሰልቺ ናቸው። ማንም ፎቶ አያነሳቸውም። ይህን የምጽፈው ትንሽ ክለብ ለሚመሩና ማኅበር ለማቋቋም ለሚያስቡ ነው። ስፖርታችሁ ድሮን ቢሆን ወይም ካርቲንግ (የትንንሽ መኪና እሽቅድምድም) ብዙው ነገር ይመሳሰላል።

መጀመሪያ መዋቅሩን ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ይምታታበታልና። በዓለም ደረጃ ያለው አካል ኢፍማር ይባላል። በሥሩ አራት የቀጠና ማኅበራት አሉ። ኤፍራ የአውሮፓ ነው፣ ሮር የሰሜን አሜሪካ፣ ፌምካ የሩቅ ምሥራቅ። ፋማር ደግሞ ደቡብ አሜሪካን ጨምሮ የቀረውን ይይዛል። የኢፍማር ዋና ሥራ የዓለም ሻምፒዮና ነው። በየምድቡ በሁለት ዓመት አንዴ ይካሄዳል፣ አዘጋጅነቱ በቀጠናዎቹ መካከል ይዞራል፣ የተሳታፊ ኮታም ለየቀጠናው ይደለደላል። የ1፡8 መኪኖች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ፣ ፖሞና ላይ ተካሄደ። የ1፡10 የኤሌክትሪክ ባጊዎቹ ደግሞ በ1985 ካሊፎርኒያ፣ ዴል ማር ላይ።

ይህን የምላችሁ ከላይ እርዳታ እንዳትጠብቁ ነው። የዓለሙ አካል ጀማሪ አይመለምልም። ሥራውም አይደለም። ጀማሪን የሚያገኘው ክለቡ ነው፣ ክለቡን የሚደግፈው ደግሞ የአገሩ ማኅበር። ሮር ከ1967 ጀምሮ ያለ ማኅበር ሲሆን ሾፌሮቹን በቀጥታ አባል ያደርጋል። ኤፍራ ግን የብሔራዊ ማኅበራት ማኅበር ነው። ሁለቱም አካሄድ ይሠራል። አዲስ ማኅበር ስታቋቁሙ ግን ገና በመጀመሪያው ስብሰባ መወሰን አለበት፣ ምክንያቱም ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ከዚያ ይመጣል። ድምፁ ሁሉ የፈጣኖቹ ከሆነ ደንቡም የፈጣኖቹ ይሆናል።

"ማኅበር ለምን ያስፈልጋል? እኛው ተሰባስበን መንዳት አንችልም ወይ?" ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ መልሴ ኢንሹራንስ ነው። አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለትራክ ቦታ ስትጠይቁ የአዳራሹ ኃላፊ ስለ ዋንጫችሁ አይጠይቅም። "ሰው ቢመታስ ማን ይከፍላል?" ነው የሚለው። መልስ ያለው ክለብ ቦታ ያገኛል። የሌለው ከአንዱ የመኪና ማቆሚያ ወደ ሌላው ሲባረር ይኖራል። የብሪታንያው ማኅበር ቢአርሲኤ ለአባላቱ የሦስተኛ ወገን ጉዳት ሽፋን ከአባልነቱ ጋር ይሰጣል። ሮርም በሥሩ ለተመዘገቡ ትራኮች ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። አባልነት ለመሸጥ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላየሁም። "ስፖርቱን ደግፉ" በሚል ልመና ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጀማሪውን ገና በሩ ላይ የዓመት አባልነት ክፈል ካላችሁት አይገባም። እንደሚወደው እንኳን አያውቅማ። የአንድ ቀን አባልነት ያስፈልጋል፣ ሽፋኑም ለዚያች ቀን ይሁን። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። መዝጋቢ በነበርኩበት ጊዜ ቅጹ ረጅም ሲሆን ሰዉ ከወረፋው እየወጣ ወደ ተመልካቾች ወንበር ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የጀማሪው ትልቁ ጥያቄ ነው፤ "ምን ልግዛ?" ፒት (መኪኖች የሚዘጋጁበት ቦታ) ውስጥ ሦስት ሰው ብትጠይቅ አራት መልስ ታገኛለህ። ሁሉም የራሱን ምድብ ይወዳላ። ሞተሩ ሁለት ጎማ የሚያዞርበት ባጊ፣ አራቱንም የሚያዞርበት ባጊ፣ የጭነት መኪና ቅርጽ ያለው፣ የአስፋልቱ ቱሪንግ፣ 1፡12፣ ፎርሙላ እያለ ይቀጥላል። ሃያ ሰው ያለው ክለብ ሰባት ምድብ ሲከፍት አስቡት። እያንዳንዱ ውድድር ላይ ሦስት መኪና ይዞራል። ተመልካች ቢመጣ ምን ያያል? ማኅበሩ ጨከን ማለት ያለበት እዚህ ነው። "ለጀማሪ የምንመክረው ምድብ ይህ ነው፣ በሁሉም ክለብ ይኖራል፣ ለጥቂት ዓመታትም ደንቡ አይነካም" የሚል አንድ መግለጫ ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል። የሚቆጡ ሰዎች ይኖራሉ። ይቆጡ።

ያ ምድብ አብዛኛውን ጊዜ ስቶክ የሚባለው፣ የሞተሩ ኃይል የተገደበበት ነው። የ1፡10 መኪኖች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ 17.5 ብረሽለስ (ብሩሽ የሌለው) ሞተር ነው። ቁጥሩ የሽቦውን ጥምጥም ያመለክታል። ጥምጥሙ ሲበዛ ሞተሩ ይዘገያል። አንዳንድ ክለቦች ለጀማሪ 21.5 ያደርጉታል፣ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። ሞተሩን መወሰን ብቻውን ግን አይበቃም። የፍጥነት መቆጣጠሪያው በሶፍትዌር የሞተሩን ታይሚንግ (ኤሌክትሪኩ ለሽቦው የሚደርስበትን ቅጽበት) ከፍ አድርጎ ያንኑ ሞተር ሌላ ፍጡር ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ነው ብሊንኪ የሚባለው ደንብ የመጣው። ተጨማሪ ታይሚንግ ሲጠፋ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

ይህ ደንብ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። መኪኖቹ መነሻው ላይ ተደርድረዋል። ተቆጣጣሪው ከመኪኖቹ ሽፋን ሥር፣ በሻሲው ጎን ያለችውን መብራት ለማየት በጉልበቱ ይንበረከካል። አንዷ ትበራለች ትጠፋለች። ቀጣይዋም። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ መብራቷ ሳትንቀሳቀስ በርታለች። እጁን ያነሳል፣ መኪናዋ ከሰልፍ ትወጣለች፣ አለቀ። ላፕቶፕ አላስፈለገም፣ መክፈቻ አላስፈለገም፣ ክርክር የለም። ሙሉው ፍተሻ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። እኔ ጥሩ ደንብ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ፈቃደኛ የሆነ ማንም ሰው በባዶ እጁ ሊያስከብረው የሚችል። ለመፈተሽ ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ደንብ ክለብ ውስጥ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፣ የሚጎዳውም እውነተኛው ሰው ነው።

ማጭበርበርን አቅልለን እንዳናይ አንድ የታወቀ ታሪክ ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ሞተር በሌለው መኪና ቁልቁለት የሚወርዱበት የሶፕ ቦክስ ደርቢ አለ። ከ1934 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። በ1973 አሸናፊ የተባለው ልጅ መኪና አፍንጫ ውስጥ ኤሌክትሮማግኔት ተገኘ። መነሻው ላይ መኪኖቹን የያዘው የብረት ሳንቃ ሲወድቅ ማግኔቱ መኪናዋን ወደፊት ይስባታል። ዋንጫው ተነጠቀ። ልጁ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከኋላው ግን አዋቂ እንደነበረ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በኋላ ላይ ውድድሩ ከውድድሩ አዘጋጅ በሚገዙ ተመሳሳይ ኪቶች (ተገጣጣሚ ዕቃዎች) ላይ እየተመሠረተ መጣ። ካርቲንግም ታሽገው የሚመጡ ሞተሮችን በማምጣት ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ገንዘብና ተንኮል የሚገቡበትን ቀዳዳ አጥብብ፣ መንዳቱን ለሾፌሩ ተው።

አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣስ? ማኅበራት እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃሉ፣ ምክንያትም አላቸው። ድሮ ሞተሮቹ ብሩሽ (ኤሌክትሪኩን የሚያቀብል የካርቦን ቁራጭ) ነበራቸው። ብሩሹ ያልቃል፣ ብሩሹ የሚነካው ኮሚውቴተርም ይላጫል። ፒት ውስጥ ትንሽ የቶርኖ ማሽን ያለው ሰው በየውድድሩ መሃል ሞተሩን አድሶ ይመጣል፣ ጀማሪው ደግሞ በደከመ ሞተር ይንከላወሳል። ባትሪውም እንደዚሁ ነበር። ሴሎች ተለክተው፣ ተመሳሳዮቹ ተመርጠው በውድ ይሸጡ ነበር። ብረሽለስ ሞተርና ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲመጡ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀለለ። ግን ሊፖ ያለአግባብ ከተሞላ ይቃጠላል። ደንብ አውጪዎቹ ጠንካራ ሽፋን ያለው ባትሪ ብቻ ይፈቀድ አሉ። በእሳት መከላከያ ከረጢት ውስጥ ይሞላ፣ በሴል ከ4.2 ቮልት አይለፍ ተባለ። ከዚያ በር ተከፈተ። "አደገኛ ነው" ብሎ ዘግቶ መቀመጥ ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰዉ ከማኅበሩ ውጭ የራሱን ውድድር ያደርግ ነበር።

ሬዲዮውም ላይ እንደዚያ ነው። ከ2.4 ጊጋኸርዝ በፊት እያንዳንዱ ሪሞት በክሪስታል የሚወሰን ቻናል ነበረው። ከሰሌዳ ላይ የቻናልህን መቆንጠጫ ሳትወስድ ሪሞትህን ካበራህ የሌላ ሰው መኪና በሙሉ ፍጥነት ግድግዳ ይገጥማል። አዲስ ገቢ ልጅ ይህን ሳያውቅ ማብሪያውን ተጭኖ የሚወርድበትን እርግማን አስቡት። ዛሬ ይህ ስጋት የለም። ጀማሪ የሚያባርር ነገር በራሱ ጊዜ ሲወድቅ ማኅበር ማድረግ ያለበት ቶሎ መቀበል ብቻ ነው።

በ2008 አካባቢ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ትራክሳስ የተባለው አምራች ስላሽ የሚባል፣ ከካርቶን ወጥቶ ወዲያው የሚነዳ ሾርት ኮርስ (የፒክአፕ ቅርጽ ያለው የኮረኮንች መኪና) አወጣ። ሰዉ ለውድድር ብሎ አልገዛውም፣ ለመጫወት ነው የገዛው። ክለቦች ግን "ያለህን ይዘህ ና" ብለው ምድብ ከፈቱለት። ትራኮች ሞሉ። ለእኔ ከሁሉም የላቀው የማስተዋወቅ ዘዴ ይህ ነው፤ ሰው ጓዳ ውስጥ ላለ መኪና ምድብ መክፈት። በኋላ ፋብሪካዎች ለዚያው ምድብ ሙሉ የውድድር መኪና ይሠሩ ጀመር። ከካርቶን የወጣው መኪና ኋላ ቀረ፣ ባለቤቱም አብሮት ቀረ፣ ምድቡም በብዙ ቦታ ሳሳ። አምራቾቹን አልወቅስም፣ መሸጥ ሥራቸው ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት መኪና ለብቻው አጥሮ መጠበቅ ግን የደንብ አውጪው ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ውድድሩ ቀን እንሂድ። የኤሌክትሪክ መኪና ማጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ጀማሪው ቀኑን ሙሉ ውሎ የሚነዳው በጠቅላላው ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ፈጣኖቹ እየገፉት ካለፉ ቀኑ ተበላሸ። ይህ ስፖርት ግን ለዚህ ድንቅ መድኃኒት አለው፣ እኛው ማስተዋወቅ ረስተነዋል። በማጣሪያው ሰዓት መሠረት ሰዉ በኤ፣ በቢ፣ በሲ ፍጻሜ ይደለደላል። በሲ ፍጻሜ ያለው ሰው የሚፎካከረው ከሚመስሉት ጋር ነው። የመጨረሻ ሊወጣ የነበረ ልጅ እዚያ ይመራል፣ ይቀደማል፣ እንደገና ይቀድማል። እግር ኳስ ላይ ጀማሪ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ፍጻሜ ይጫወታል ወይ? እኛ ጋ ይጫወታል። በየበራሪ ወረቀቱ ላይ መጻፍ የነበረበት ይሄ ነው። እኛ የምንጽፈው ግን "የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ይገኛል" ነው።

ማኅበሩ ይህን በደንብ ሊያጠናክረው ይችላል። የማጣሪያ ምድቦች ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በፍጥነት እንደገና ይከፋፈሉ። የሲው ፍጻሜ ውጤት እንደ ኤው ሁሉ ይታተም። ሽልማትም ካለ ከታች ይጀመር። የዋንጫ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የሲ ፍጻሜ አሸናፊ ስሙ ተጠርቶ ሲወጣ የሚያጨበጭቡት ፈጣኖቹ ናቸው። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው የምጨቀጭቀው።

ማርሻልነት የሚባለውን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። በአብዛኛው ክለብ ተወዳድሮ የጨረሰ ሰው በቀጣዩ ውድድር ትራኩ ዳር ቆሞ የተገለበጠ መኪና ያነሳል። ካልተገኘ ጥሩ ውጤቱ ይሰረዝበታል። ደንቡ ትክክል ነው፣ ያለሱ ውድድር የለም። ግን ጀማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ይሄው ነው። ሪሞቱን አስቀምጦ፣ ባትሪውን ሳይነቅል፣ እየሮጠ ሄዶ በፍጥነት ከሚበሩ መኪኖች መሃል መግባት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑ ላይ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ይቁም። "ግራ ቀኝ ሳታይ አትግባ፣ መጀመሪያ የሚመጣውን አሳልፍ፣ ከዚያ መኪናዋን አንሳ" የሚለው ሰው ካለ ልጁ በሦስተኛው ጊዜ ራሱ ሌላውን ያስተምራል። የሾፌሮቹ መድረክ ላይ ሆኖ "ማርሻል! ተኝተሃል?" እያለ የሚጮኸውን ደግሞ ዳኛው ዝም አይበል። በደንቡ ቅጣት አለው፣ ግን ሲተገበር ያየሁት ጥቂት ቦታ ነው።

ትራንስፖንደሩም አንድ ነገር ነው። ዙር የሚቆጥረው ያ ትንሽ ዕቃ ከመኪናው ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ይገዛል። ጀማሪ ይህን የሚሰማው ጠዋት መመዝገቢያው ላይ ነው። ክለቡ የሚያውሰው ጥቂት ቢኖረው፣ ማኅበሩም ለአዲስ ክለቦች በጋራ ቢገዛ፣ ለዋንጫ ከሚወጣው ገንዘብ የበለጠ ፍሬ አለው።

ስለ ሕዝብ ፊት ትርዒት ብዙ አልልም። ሰው ይሰበሰባል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያልቃል። ፍሬ የሚያፈራው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ተመልካቹ ራሱ ሪሞት ይያዝ። መኪናዋ ትዝገም፣ ችግር የለውም። ሁለተኛ፣ ሲሄድ በእጁ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። የክለቡ ስም ብቻ ያለበት ሳይሆን "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ የምናውስህ መኪና አለ" የሚል። አንድ አባት ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ "እኛም መምጣት እንችላለን?" ሲል ያገኘው መልስ "ድረ ገጻችንን ይመልከቱ" ነበር። ሰዎቹ ተመልሰው አልመጡም።

የዓለም ሻምፒዮናን አጣጥዬ ከሆነ ይቅር በሉኝ፣ ጥቅም አለው። የዓለም የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን በ2018 ሼንዘን ላይ የመጀመሪያውን የድሮን እሽቅድምድም የዓለም ሻምፒዮና ሲያደርግ ያሸነፈው የ15 ዓመት አውስትራሊያዊ ነበር። ለአንድ ታዳጊ ወላጆች ከዚህ የተሻለ ማሳመኛ የለም። ልዩነቱ ዜናውን የሚሰማው ልጅ ማክሰኞ ማታ የሚሄድበት ክለብ መኖሩ ላይ ነው።

የአንድ አምራች ውድድሮችንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የጃፓኑ አምራች ታሚያ በራሱ መኪኖች ብቻ የሚካሄዱ ውድድሮች አሉት። ለጀማሪ ግሩም ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚነዳው። ማኅበሩ እንደ ተቀናቃኝ ከሚያያቸው በቀን መቁጠሪያው ላይ ቦታ ይስጣቸው። ኩባንያው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ሾፌሮቹ የሚገቡበት ምድብ ግን ዝግጁ ይሁን።

የመጨረሻው ጉዳይ የደንብ ለውጥ ነው፣ እኔ አሁን ቁጭ ብዬ የምውልበት። አንድ የማውቀው ኮሚቴ በውድድር ዓመቱ መሃል የተፈቀደውን ጎማ ለወጠ። ሐሳቡ የመጣው ከሁለት ፈጣን ሾፌሮች ነው፣ አዲሱ ጎማም በእርግጥ የተሻለ ነበር። በቀጣዩ ውድድር ግን በየሳጥኑ ውስጥ ያልተነካ የድሮ ጎማ ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ፈጣኖቹ በየወሩ ጎማ ስለሚገዙ ነገሩ አልታያቸውም።

እኛ ጋ አሁን የደንብ ለውጥ የሚጠይቅ ማንም ሰው፣ ሻምፒዮንም ቢሆን፣ ከሐሳቡ ሥር ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ዛሬ ከሚነዱት መኪኖች ወይም ዕቃዎች የትኞቹ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ? ተቆጣጣሪው በምን ይፈትሸዋል? ከየትኛው የውድድር ዓመት ይጀምራል? ሦስተኛው ላይ "ወዲያውኑ" ተብሎ ከተጻፈ ወረቀቱን ሳንወያይበት ለባለቤቱ እንመልሳለን። የመጀመሪያውን ባዶ የተወም ብዙ ነው፤ እሱንም እንደዚያው።